በሞተር የሄደ እምቢታ

እንዶዱ አረፋ ማውጣቱን አወጣ፣ ጥቁሩን ነገር ግን አላስለቀቀም። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ገበቴያቸውን አስቀምጠው፣ አጎንብሰው የልጃቸውን የእሌኒን ነጠላ ጫፍ ያሻሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያዩና መልሰው ይነክሩታል። ጥለቱ አንድ ስንዝር ያህል ተበልቷል፤ ዘርፉ ተቆራርጦ፣ የተረፈውም የድስት ቂጥ የተጠረገበት ይመስል ጠቁሯል። ባለቤታቸው አቶ ገብረእግዚአብሔር መፋቂያቸውን በአፋቸው እንደያዙ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሲመለከቱ ቆዩና «ምን ነክቶት ነው?» አሉ። መልሱ ከሚስታቸው አልመጣም፤ ከጓዳ፣ ፈጠን ብሎ መጣ። «የጋራዡ አጥር ነው አባዬ፤ ሽቦው ያዘብኝ።» አቶ ገብረእግዚአብሔር ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣልያን አገር መውሰዱ አንሶት በየመንገዱ ዳር የሾህ ሽቦ እየዘረጋ የሰው ነጠላ ይበላል ብለው ጥቂት ተራገሙ፤ ለልጅቱም «ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለው ተረቱባት። የሽቦ አጥር ቅባት የሚቀባበት ምን ምክንያት እንዳለ ግን አልጠየቁም። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስም ይህን አስበውት እንደሆነ አልተናገሩም፤ ነጠላውን ጨምቀው አሰጡት።

ለነገሩ የአቶ ገብረእግዚአብሔር ልብ ነጠላው ላይ አልነበረም። ያን ቀን ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎች ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣሉ። እሌኒን የጠየቃት ደበሌ የሚባል የቸሃ ልጅ ነው። ጣልያን የጅማን መንገድ ሲሠራ ወልቂጤ ላይ ካቆመው ጋራዥ ተቀጥሮ፣ በየቀኑ በሞተር ብስክሌት እስከ ጊቤ ድልድይ ድረስ የመኪና ዕቃ ያመላልሳል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለት ጊዜ «እስቲ እናስብበት» ተብሏል። ሦስተኛው ቀን ግን ማሰቢያ የለውም፤ ወይ ይሰጣሉ ወይ ይከለክላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ አይመለስም። አቶ ገብረእግዚአብሔር ሊከለክሉ ቆርጠዋል። ልጁን ክፉ ነው አይሉም። አይሳደብም፣ ጠጅ አያበዛም፣ እናቱን ይጦራል። ነውሩ አንድ ብቻ ነው፤ ልጓም የሌለው ነገር ላይ ይቀመጣል። እሳቸው በንጉሡ ጊዜ ግብር ሰብሳቢ ሆነው ከቸሃ እስከ ጊቤ ያለውን ገደል በበቅሎ ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በቅሎ ዐይን አላት፣ ጆሮ አላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞትን ትፈራለች። ያ ብረት ምን ይፈራል? ባለፈው ክረምት አንድ ጣልያን ከነሞተሩ ከቁልቁለቱ ወርዶ የቀረ ጊዜ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከትንሿ ሱቃቸው ጨው ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «አላልኩም?» ሲሉ ከርመዋል። «እኔ ልጄን ለመበለትነት አልድርም» የሚለውም ቃላቸው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው፤ አቶ ገብረእግዚአብሔር እምቢ ማለት አይችሉም። ማዘን ይችላሉ፣ ማኩረፍ ይችላሉ፣ ሦስት ቀን ዘግተው ዝም ማለትም ይሆንላቸዋል፤ ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ሲጠይቃቸው ግን አንደበታቸው ወደ እሺታ ያዘነብላል። በዚያ ላይ የሽማግሌዎቹ መሪ ሸረፋ ነው። ሸረፋ የመስቃን ሰው፣ ከቡታጅራ በርበሬ እያመጣ ወልቂጤ የሚቸረችር ጎረቤታቸው ሲሆን፣ ጣልያን የገባ ሰሞን ወንበዴ ቤታቸውን ሊዘርፍ ሲመጣ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ «መጀመሪያ በእኔ እለፉ» ያለ ሰው ነው። የዚህን ሰው ፊት አይቶ እንዴት እምቢ ይባላል? ስለዚህ አቶ ገብረእግዚአብሔር ተስፋቸውን የጣሉት በሚስታቸው ታላቅ ወንድም በአቶ ሀብተጊዮርጊስ ላይ ነበር። በቤተሰቡ ደንብ አጎት ሳይኖር የሴት ልጅ መልስ አይሰጥም፤ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ደግሞ እምቢ ለማለት የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ለመስቀል ክትፎ ሲቀርብላቸው እንኳ መጀመሪያ እምቢ ብለው፣ ቀጥለው ነው የሚበሉት። ነገር ግን እኒህ ሰው የሚኖሩት በጊቤ ቁልቁለት ግርጌ ነው። መልእክት ቢላክባቸው «ራሱ ይምጣ» ብለው መለሱ። አቶ ገብረእግዚአብሔር ሊሄዱ ሲሰናዱ ደግሞ ዳኜ የተባለችው በቅሏቸው ቦይ ገብታ እግሯን ወለም አላት።

ሸረፋ ጠዋቱን ብቅ ያለው «ዛሬ እንመጣለን፣ ቤት ሁኑ» ለማለት ነበር። ደጃፉ ላይ በሦስት እግሯ ብቻ የምትረግጠውን በቅሎና ከፊቷ ተክዘው የቆሙትን ባለቤቷን ባየ ጊዜ ነገሩን ጠየቀ፤ አቶ ገብረእግዚአብሔርም የሚነገረውን ነገሩት። የማይነገረውን፣ እምቢ ማለት አለመቻላቸውን፣ ሸረፋ ራሱ ያውቀዋል፤ ወልቂጤ የማያውቀው የለም። ጢሙን እያሻሸ ጥቂት አሰበ።

«ታዲያ ደበሌ በየቀኑ ይወርድ የለም እንዴ? ከኋላው ይቀመጡ።»

«እኔ? በዚያ ላይ?»

«ወላሂ ከሰዓት ሳይሆን ደርሰው ይመለሳሉ። አጎትየው የራሳቸው በቅሎ አላቸው፣ ቀስ ብለው ይከተሉ። አጎቷ ከሌለ መልስ የለም ያሉት እርስዎ ነዎት። ያለ አጎት ከሆነ ግን እኛ ዛሬ መጥተን መልሳችንን ይዘን ነው የምንሄደው።»

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ ይባላል። አቶ ገብረእግዚአብሔር ያን ጠዋት የበቅሎው ችግር ገባቸው፤ ሰው አጎቱን አጥብቆ የሚፈልግበት ቀን አለ። ያለ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከሸረፋ ፊት መቀመጥ ማለት እሌኒን በገዛ እጅ ለዚያ ብረት መስጠት ማለት ነው። መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡና «ልጁ ግን እሺ ይላል?» አሉ፤ እንዲህ ሲሉም ድምፃቸው ውስጥ እምቢ ቢለኝ የሚል ተስፋ ነበረበት።

ደበሌ ሞተሩን እያስጓራ ሳይሆን እየገፋ መጣ፤ የእሳቸው ደጃፍ ላይ አስነስቶት አያውቅም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከንግግሩ ይልቅ ዝምታው የሚበዛ ልጅ ነው። ሸረፋ የነገረውን ሰምቶ አንገቱን ደፋና «እምቢታም ቢሆን በደህና መድረስ አለበት» አለ። ሸረፋ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አቶ ገብረእግዚአብሔር ያልሰሙ መሰሉ።

ከዚያ የመሳፈሩ ነገር መጣ፤ እሱ ራሱ አንድ ሙግት ነበር። አቶ ገብረእግዚአብሔር ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ ጥላቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ በቅሎ ላይ እንደሚወጣ ሰው በግራ በኩል ቆሙ። ደበሌ ጥላውን በአክብሮት ተቀብሎ ከሞተሩ ጎን በገመድ አሰረው። ቀጥሎ ጋቢውን አየና «ጌታዬ፣ ይህ መታሰር አለበት። ጫፉ ሁሉ ከሥርዎ ገብቶ ወገብዎ ላይ በመቀነት ይጠበቅ» አለ። በመቀነት! ሰውየው የግብር ሰብሳቢ ፊታቸውን አወጡ። እምቢታቸው ግን ሳይደርስ እሌኒ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ ወገቧ ላይ የነበረውን ቀይ ጥለት ያለውን መቀነት ፈትታ ይዛለች። ማንም አልጠራትም ነበር። ለአባቷ ሰጠቻቸው፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ «አጥብቀው ይሰሩት አባዬ» አለችና ተመለሰች። እናቷ ከገበቴያቸው ቀና አሉ፣ ወደ ልጃቸው አዩ፣ ወደ ነጠላው አዩ፣ ተመልሰው አጎነበሱ። ደበሌም ጋቢውን ሰብስቦ መቀነቱን ሁለት ጊዜ አዙሮ፣ ቋጠሮውን በግራ ጎናቸው አደረገው። 

ወልቂጤን ሲያቋርጡ ከተማው ሁሉ ደጁ ላይ ወጥቶ ነበር። ከቸሃ ቆጮ ይዘው የመጡ ሴቶች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው አዩአቸው፤ ጠጅ ቤቱ በር ላይ አንዱ «አቶ ገብረእግዚአብሔር ተጠለፉ!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው ላይ ነገሩ ያን ያህል ክፉ አልነበረም። ነፋሱ ደስ ይላል፣ አቧራው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ብረቱም ከበቅሎ ይልቅ ይለሰልሳል። ልባቸው ጥቂት መለስ ስትል ግን ከፊታቸው ኬላው መኖሩ ትዝ አላቸው። በሴት መቀነት ታጥቆ ጣልያን ፊት መቅረብ! አንድ እጃቸውን ለቀው ቋጠሮውን ፈቱት፤ መቀነቱን ጠቅልለው ከጉያቸው ሸጎጡትና ጋቢያቸውን እንደ ጨዋ ሰው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ደበሌ ወደ ፊት እያየ ስለነበር አላወቀም።

ኬላው ላይ ሌላ ጣጣ ነበር። የጣልያን ባንዲራ በተሰቀለበት የሚያልፍ ሁሉ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት አለበት። አቶ ገብረእግዚአብሔር ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን እጅ አንስተው አያውቁም። ብልሃታቸው ጥላ ነው፤ በዝናብም በፀሐይም ቀኝ እጃቸው ጥላ ይይዛል፣ ግራቸው ከዘራ ይይዛል፣ ሰላምታውም በሁለቱ መካከል ይቀራል። ዛሬ ግን ጥላው ታስሯል። ይባስ ብሎ ኬላው አጠገብ ሲደርሱ ከኋላቸው ትልቅ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ሲያምባርቅ ሁለቱም እጆቻቸው የደበሌን ወገብ እንቅ አድርገው ያዙ። ወታደሩ ጮኸ። ደበሌ እጁን አንስቶ ሰላምታውን ሰጠ። ወታደሩ ወደ እሳቸው እየጠቆመ ደግሞ ጮኸ። አቶ ገብረእግዚአብሔር በዚያች ሰዓት ነፍስ ለማትረፍ እጃቸውን ሊያነሱ ፈለጉ፤ እውነቱ ይህ ነው። እጃቸው ግን እምቢ አለ፤ ጣታቸው ከልጁ ወገብ አልፈታ አለ። ደበሌ በጣልያንኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ ወታደሮቹ ሳቁ፣ እንጨቱ ተነሣላቸው።

«ምን አልካቸው?» አሉ ካለፉ በኋላ።

«ታመዋል አልኳቸው።»

አቶ ገብረእግዚአብሔር መልሱ ቅር አላቸው። ለጣልያን እምቢ ያሉባት ያች አንዲት ግልጽ ቀን በበሽታ ተቆጠረችባቸው።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ጨዋታው ቀረ። ጣልያን ተራራውን ወገብ ወገቡን ቆርጦ መንገዱን እንደ መቀነት ጠመዘዘው፤ በግራ ድንጋዩ እንደ ግድግዳ ቆሟል፣ በቀኝ ባዶ ነው፣ ከባዶው ወዲያ የጊቤ በረሃ በጭጋግ ውስጥ ተኝቷል። ደበሌ ሞተሩን ወደ ትንሹ ማርሽ መልሶ ቀስ አለ። የመጀመሪያው ኩርባ ተራራውን ታክኮ ወደ ግራ ይዞራል፤ ልጁ ወደ ግራ ጋደል አለ፣ አቶ ገብረእግዚአብሔርም ወደ ግራ ጋደል አሉ፤ ሰላም ነው። ሁለተኛው ኩርባ ግን ወደ ሸለቆው እጥፋት ገብቶ በቀኝ ነው የሚወጣው። ልጁ ወደ ቀኝ፣ ወደ ባዶው ጋደለ። እሳቸው አርባ ዓመት በበቅሎ የተማሩትን አደረጉ፤ ወደ ተራራው ተጋደሉ። በገደል መንገድ ላይ ሰው ወደ ድንጋዩ ይጠጋል እንጂ ወደ ሲኦል አያዘነብልም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሞተሩ የማንን እንደሚሰማ ግራ ገባው። መዞሩን ትቶ ቀጥ ብሎ መንገዱን አቋርጦ ወደ ግራው ድንጋይ ሄደ። በዚያው ቅጽበት ከኩርባው ወዲያ ድንጋይ የጫነ መኪና እያቃሰተ ብቅ አለ። ደበሌ በአንድ እግሩ መሬቱን እየመታ ሞተሩን ወደ ቀኝ መለሰና፣ በመኪናውና በገደሉ መካከል በቀረችው መንገድ ሾልኮ አለፈ። የመኪናው ሙቀት የአቶ ገብረእግዚአብሔርን ጉንጭ ነካው።

ልጁ ጥቂት ሄዶ አቆመ። ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሲናገር ግን ድምፁን አልቀየረም።

«ጌታዬ፣ እኔ ወደ ጋደልኩበት ይጋደሉ።»

«ወደ ገደሉ?»

«ወደ ገደሉም ቢሆን።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ይህን ቁልቁለት አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ወርጄዋለሁ። ወደ ገደል የተጋደለ ሰው ተቀብሮ እንኳ አያውቅም፤ አሞራ ነው የሚበላው።»

«በቅሎ ላይ እውነትዎን ነው። በቅሎ በራሷ እግር ትቆማለች። ይህ ግን የሚቆመው እኔና እርስዎ ስንስማማ ብቻ ነው።» ወደ መንገዱ እየጠቆመ ጨመረ። «ገደሉን አይዩት። ዐይን ወደ አየበት ሰውነት ይሄዳል። በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱ የሚወጣበትን ይዩ። የማይታይ ኩርባ ሳይ ጡሩምባ እነፋለሁ፣ አይደንግጡ። ፍሬኑን ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ አልይዝም፤ ጠጠር አለ። ሌላው ሥራ የእኔ ነው።»

በሕይወታቸው ያልታዘዙት የንጉሥ ሹም የለም፤ ከሃያ አምስት ዓመት ልጅ ግን ትእዛዝ ተቀብለው አያውቁም። ቢሆንም ደግመው ተቀመጡ። የሚቀጥለው የቀኝ ኩርባ ሲመጣ ጡሩምባው ተነፋ፣ ልጁ ጋደለ፤ አቶ ገብረእግዚአብሔር ጊዮርጊስን ጠርተው፣ ዐይናቸውን በትከሻው ላይ አሻግረው፣ ከእሱ ጋር ወደ ባዶው አዘነበሉ። ሞተሩ እንደ ቅቤ ዞረ። ኩርባው አልቆ ቀና ሲሉ እልል ሊሉ ነበር። ደስ አላቸው። ይህን ለማንም እንደማይናገሩ ወዲያው ወሰኑ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ኩርባዎች ከልጁ ቀድመው ይጋደሉ ጀመር፤ ደበሌ «ቀስ፣ ጌታዬ፣ ገና ነው» እስኪላቸው ድረስ።

ሰው ሲመቸው ልብሱን ይረሳል። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉት ጋቢ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። መጀመሪያ አንድ ሰው ከኋላ ጎተት ያደረጋቸው መሰላቸው። ቀጥሎ አንገታቸው ታነቀ፣ ጀርባቸው ወደ ኋላ ተመዘዘ፣ ሰማይ ታያቸው። ደበሌ ጩኸታቸውን ሳይጠብቅ ሞተሩን አጠፋ፤ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ በአንድ እጁ ጋቢውን ጨምድዶ ያዘላቸው። ጋቢው ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ተጠምጥሟል። ልጁ ካራ አውጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ በትዕግሥት እየቆረጠ እየመዘዘ አላቀቀው። መቀነቱ የት እንደሄደ አልጠየቀም። ጫፉን አራግፎ አቀበላቸው።

አቶ ገብረእግዚአብሔር አንገታቸውን እያሹ ጋቢውን ወደ ፀሐይ ዘረጉት። አንድ ስንዝር ያህል ተበልቷል። ዘርፉ ተቆራርጧል። የተረፈውም የድስት ቂጥ የተጠረገበት ይመስላል። ጠዋት ሚስታቸው ነጠላውን እንዲህ አድርገው ወደ ፀሐይ ዘርግተው ሲያዩ ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የተበላውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። ከታች ከበረሃው የዝንጀሮ ጩኸት ይሰማል።

«የጋራዡ አጥር» አሉ በመጨረሻ።

የደበሌ ጆሮ ቀላ። «እስከ ትንሹ ድልድይ ብቻ ነው ጌታዬ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ። ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት። ክፉ ነገር የለበትም።»

«ነጠላዋስ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ልብስ እንደሚይዝ አላሰብኩም ነበር። ቶሎ አቆምኩ፤ እሷን አልነካትም። ያን ቀን እሷ ራሷ 'ከእንግዲህ መቀነት ያልታጠቀ ሰው ከኋላህ እንዳታስቀምጥ' ብላ አስማለችኝ።»

ቁጣቸው መጥቶ ነበር። እጃቸውን ወደ ጉያቸው ቢሰዱ ግን ያገኙት መቀነቱን ነው። ከሰውነታቸው ሞቆ ወጣ። ልጅቱ አባቷ ወዴት እንደሚሄዱ ታውቃለች። እምቢታዋን ሊያመጡ ነው የሚሄዱት። በደህና ሄደው፣ በደህና ተመልሰው፣ ልቧን እንዲሰብሩት ነው የገዛ ወገቧን ፈትታ ያስታጠቀቻቸው። እሳቸው ደግሞ ጣልያን እንዳያያቸው ብለው አወለቁት። አቶ ገብረእግዚአብሔር አፈሩ። ኀፍረቱ እስከ ጆሯቸው ዘለቀ፤ የሁለቱም ጆሮ ቀልቶ፣ በዚያ ኩርባ ላይ፣ ጥቂት ተፋጥጠው ቆሙ። ከዚያም ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ መቀነቱን ሁለት ጊዜ አዙረው፣ ራሳቸው አጥብቀው ታጠቁ።

«ዕቃህን አድርስና እንመለስ» አሉ።

«አቶ ሀብተጊዮርጊስስ? ከሚቀጥለው ኩርባ በኋላ ነው ቤታቸው።»

«ንዳ።»

ከሚቀጥለው ኩርባ በኋላ፣ እውነትም፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። በቅሏቸው አጠገባቸው ታስራለች። የሞተር ድምፅ ሰምተው ለመናደድ የወጡ ይመስላሉ፤ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ሲያዩ ግን እጃቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ። «ገብረእግዚአብሔር! ኧረ ገብረእግዚአብሔር! አንተ ሰውዬ!» አቶ ገብረእግዚአብሔር አልዞሩም። ዐይናቸውን በደበሌ ትከሻ ላይ አሻግረው መንገዱ የሚወጣበትን ይመለከቱ ነበር። የተነገራቸው እንደዚያ ነው። ሲመለሱም፣ አቀበቱን ሲይዙ፣ ጩኸቱ ከሌላው ጎን መጣ፤ ያኔም ኩርባ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ሸረፋና ሁለት ሽማግሌዎች መደቡን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ንፍሮ አቅርበው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፤ የእሌኒ ጥላ ከጓዳው መጋረጃ በስተኋላ ይታያል። ነጠላው ገመዱ ላይ ደርቋል፤ ጥቁሩም አብሮ ደርቋል። አቶ ገብረእግዚአብሔር በሴት መቀነት ታጥቀው፣ ጋቢያቸው ከኋላ ተበልቶ፣ ፊታቸው በአቧራ ነጭ ሆኖ ገቡና ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጡ። ማንም ሊስቅ አልደፈረም።

«አጎትየውስ?» አለ ሸረፋ።

«ደጃፉ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ደህና ነው።»

«ታዲያ አይመጣም?»

«መንገዱ ኩርባ ነበር፤ ዞር ማለት አልቻልኩም።» አቧራውን ከፊታቸው በጋቢያቸው ጠረጉ። «ለሠርጉ ደበሌ ሄዶ ያመጣዋል፤ በዚሁ በሞተሩ። ከላይ እስከ ታች እምቢ ሊል ይችላል፣ ኩርባው ላይ ሲደርስ ግን መስማማት የግድ ነው።»

ሸረፋ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞር ብሎ አየና መልሶ ጠየቀ። «ስለዚህ ሰጡን ማለት ነው?»

አቶ ገብረእግዚአብሔር ወገባቸውን ፈቱ፤ «እሌኒ» ብለው ተጣሩ። ልጅቱ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ መጣች። መቀነቱን በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ይህን ካልታጠቅሽ ከኋላው እንዳትቀመጪ። እኔ ፈትቼ ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም።» እሌኒ ተቀበለች፤ ጉልበታቸውን ልትስም አጎነበሰች፣ እዚያው ብዙ ቆየች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ታልቅስ ትሳቅ ከሽማግሌዎቹ የለየ የለም። ሸረፋ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ንፍሮውን በእፍኙ አፈሰ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ከሄዱ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የባላቸውን ጋቢ ይዘው ደጃፍ ወጡ። አቶ ገብረእግዚአብሔር መፋቂያቸውን ፈልገው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሚስታቸው ገበቴውን አቀረቡ፤ እንዶዱን ግን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ከጓዳ አንድ እፍኝ ቅቤ አምጥተው ጥቁሩን ቦታ ቀቡት፣ በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው አሹት፣ አመድ ነሰነሱበት፣ ከዚያ በኋላ ነው እንዶዱን ያሰቡት። ቅባቱ ቅቤውን ተከትሎ ይወጣ ጀመር። የአቶ ገብረእግዚአብሔር መፋቂያ አፋቸው ውስጥ ቆመ።

«ጠዋት ነጠላውን በእንዶድ ብቻ ነበር የምታሺው።»

«ጠዋት እርስዎ ተቀምጠው ነበራ።»

«ይህን ብልሃት ማን አስተማረሽ?»

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቀና አላሉም። «ከመስቀል ወዲህ ይህ ስንተኛዬ መሰለዎት፣ ጌታው» አሉ፤ ከንፈራቸው ሊስቅ እየታገላቸው ነበር። አቶ ገብረእግዚአብሔር ወደ ጓዳው አዩ፣ ወደ ገመዱ አዩ፣ የሚቆጡበትን ቃል ፈለጉ። ቃሉም ተገኝቶ ነበር። ነገር ግን ሚስታቸው ቀድመው ሳቁ፤ እሳቸውም ያን ቀን የተማሩትን አደረጉና ሚስታቸው ወደ ጋደሉበት ጋደሉ።